እንክብሉን ያልላክሁበት ምክንያት

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰላምታውን ማሳጠሬ ጉዳዩ ስለሚያስቸኩል ነው። ወንድሜ ሙሉጌታ በስልክ፣ «እማዬ አንቺ የምትውጪውን መድኃኒት ለፋሲካ በሚመጣው ሰው ላኪልኝ ብላለች» ብሎኝ ነበር። ሰውየው ትናንት መጥቶ ዕቃውን ተረክቦኛል፤ የእኅቴ የትዕግሥት ጫማና የአንቺ ሹራብ አለበት፤ እንክብሉ ግን የለበትም። ሻንጣው ሲከፈት ፈልገሽ ስታጪው በንፍገት እንዳትተረጉሚብኝ ምክንያቱን አስቀድሜ ልጽፍልሽ ወደድሁ። ሙሉጌታ ከስልኩ ላይ ከሚያነብልሽ አሳትሞ ይስጥሽ፤ ነገሩ የሴት ነው።

ሕመሜን እስካሁን የሰወርሁሽ ስታስቢ እንዳታድሪ ብዬ ነው፤ ደግሞስ የፊኛን ነገር ወንድሞቼ በከበቡት ስልክ እንዴት አድርጌ ላንሣው? ለትዕግሥት ብቻ ያጫወትኋት አንቺ ዘንድ መድረሱ መጀመሪያ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። «የእኔም ሕመም ልክ እንደ እርሷ ነው» ማለትሽን ስሰማ ግን ቅሬታው ጠፍቶ ጭንቀት ተተካ። ልክ እንደ እኔ መሆኑን በምን ዐወቅን?

እኔን ያገኘኝ ሐኪሞች ኢንተርስቲሻል ሲስታይቲስ የሚሉት የፊኛ ሕመም ነው። ፊኛ እየሞላ ሲሄድ ከእምብርት በታች ያማል፤ ሲሸኑ ጥቂት ጋብ ይላል፤ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል፤ ሌሊትም ደጋግሞ ያስነሣል። ሽንቱ በላቦራቶሪ ሲታይ ግን ለሕመሙ ምክንያት የሚሆን ባክቴሪያ አይገኝበትም፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ ቢደጋገም አይፈይድም። እርሱ ነው የሚባለውም ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ከተጣራ በኋላ ነው፤ የፊኛ ጠጠርም፣ ስኳርም፣ የማሕፀን መውረድም፣ የፊኛ ዕጢም ቢሆን ሰውን ከመጸዳጃ ቤት ያመላልሳልና። በሰፈሩ ክሊኒክ ሽንትሽን በወጉ ሳይመረምሩ «ኢንፌክሽን ነው» እያሉ ኪኒን ሲቀያይሩልሽ መክረማቸው ያናድደኛል፤ ነገር ግን እነርሱ በግምት አከሙሽ ብዬ የምናደድ ልጅ፣ እኔው ራሴ በግምት መድኃኒት ብልክልሽ ከእነርሱ በምን እሻላለሁ?

መድኃኒቱ ኤልሚሮን ይባላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ሕመም እንዲሰጥ የፈቀደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ነው። ባለ 100 ሚሊግራሙን እንክብል በቀን 3 ጊዜ፣ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ፣ በውኃ እውጠዋለሁ። የተጎዳውን የፊኛ የውስጥ ግድግዳ ሸፍኖ ሽንቱ እንዳያቃጥለው ይከላከላል ተብሎ ይታሰባል። እንደ ራስ ምታት ኪኒን ዛሬ ተውጦ ዛሬ የሚያሳርፍ ግን አይደለም፤ ለውጡ የሚጠበቀው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ተጠብቆም ለሁሉም አይሠራም። ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠው ጽሑፍ እንደሚለው፣ በአንድ ጥናት በ3 ወር ውስጥ ሕመማቸው ከግማሽ በላይ የቀለለላቸው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 38ቱ፣ ባዶ እንክብል ከተሰጣቸው ደግሞ ከመቶ 18ቱ ናቸው። እኔ ከቀለለላቸው ወገን በመሆኔ አመሰግናለሁ፤ የትዕግሥት ሠርግ ግን ለዳግም ትንሣኤ ስለሆነ፣ ዛሬ ብትጀምሪው እንኳ ለዳሷ አይደርስልሽም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራኝ የዐይንሽ ነገር ነው። እንደዚያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 በአትላንታ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች፣ ይህን መድኃኒት ለረጅም ዓመታት በወሰዱ ሕመምተኞች ሬቲና ላይ፣ ማለትም ከዐይን በስተኋላ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ክፍል ላይ፣ ያልተለመደ ጉዳት ማየታቸውን አሳወቁ፤ በ2020ም ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ተጨመረ። እንዲህ ያለው ጉዳት የደረሰበት ሰው ማንበብ ይቸግረዋል፤ ብርሃን ወደ ጎደለበት ቦታ ሲገባም ዐይኑ ቶሎ አይለምድለትም፤ የጠፋውም ላይመለስ ይችላል። ለእኔም መድኃኒቱ የሚታዘዝልኝ ሬቲናዬ በየጊዜው እየታየ ነው። አንቺ ሌሊት በጧፍ ዳዊት የምትደግሚ ሴት ነሽ፤ ዐይንሽን ማን መርምሮልሽ ነው እኔ ከዚህ እንክብል የምልክልሽ? በዚያ ላይ መድኃኒቱ ደምን በመጠኑ ያቀጥናል፤ አንቺ ደግሞ ለልብሽ አስፒሪን ትውጫለሽ፤ ሁለቱ ተገናኝተው ቢያደሙሽ ከእኔ በቀር ማን ተጠያቂ ይሆናል? በቪዲዮ ስንገናኝ ሻሽ የማስረውም ለብርድ አይደለም፤ ፀጉሬን ትንሽ አሳስቶታል። ያድጋል፤ አታስቢ።

ሐኪሜ «ሕመሙን የሚቀሰቅስብሽ ከሆነ ተዪው» ብላ የሰጠችኝ የምግብ ዝርዝር ጓዳሽን አይታ የጻፈችው ይመስላል፦ ቡና፣ በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ። እነዚህ ሁሉንም ሕመምተኛ እኩል አይጎዱም፤ እኔን የሚጎዱኝ ግን የምወዳቸው ሆኑ። የላክሽልኝ በርበሬ እንደ ታሰረ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ፈትቼ አሸትተውና መልሼ አስረዋለሁ። ቅዳሜ ያገሬ ሰዎች ቡና ሲያፈሉ ይጠሩኛል፤ ስኒ ሳላነሣ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጬ፣ ጭሱን ጠግቤ እመለሳለሁ። ሥራዬም ደኅና ነው፤ ደጋግሜ ወደ መጸዳጃ ቤት ብወጣም አለቃዬ አይቆጣም፤ ብዙ አይቆጣም።

አሁን የምለምንሽን አድርጊልኝ። በባንክ የላክሁት ገንዘብ ለሁለት ጉዳይ ነው፤ የሠርጉን ለትዕግሥት ስጫት፤ የቀረው ግን የአንቺ መታከሚያ ስለሆነ ለድግሱ ቅቤ እንዳታደርጊው። ከሙሉጌታ ጋር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሄዳችሁ የኩላሊትና የፊኛ ሐኪም ይይሽ፤ የሽንት ካልቸር (ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ)፣ የስኳርና የአልትራሳውንድ ምርመራ ይደረግልሽ። ሽንትሽ ደም ቀላቅሎ ካየሽ፣ አፍረሽም ቢሆን ለሐኪሙ ንገሪው፤ ይህን ለሠርጉ ብለሽ አታቆዪው። ሽንት እንዳይመጣብኝ ብለሽም ውኃ አትከልከዪ፤ ውኃ ያነሰው ሽንት ይብስ ያቃጥላል።

በሠርጉ ቀን ከዳሱ መውጫ አጠገብ ተቀመጪ። የሙሽራ እናት ዳር ተቀመጠች የሚል ካለ ይበል። እኔ የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ከዚህ አገር መውጣት አልችልም፤ ወጥቼ መመለስ ቢቻለኝ ኖሮ ትዕግሥት ያለ እኔ አትዳርም ነበር፤ ይህንም አንቺ ንገሪያት፤ ከእኔ ስትሰማው ሰበብ ይመስላታል።

ሐኪሙ መርምሮ ይኸው መድኃኒት ያስፈልጋታል ቢል፣ በስምሽ በታዘዘው ወረቀት የሚገኝበትን መንገድ እኔ እፈልጋለሁ፤ የምርመራውን ውጤት ሙሉጌታ ፎቶ አንሥቶ ይላክልኝ። አስፒሪኑንም ሐኪም ሳያዝሽ እንዳታቋርጪ።

ልጅሽ