ለኮሪያ የጤናና ደኅንነት ሚኒስቴር፦ ከመጠጥ ሱስ ለሚያገግሙ ሴቶች ቀኑን የሚውሉበት ቤት ክፈቱላቸው

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከቹንቾን ነው። የቃኘው ዘማቾቻችን ሐውልት የቆመባት ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ስመጣ ስለሷ የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። አሁን ቤቴ ሆናለች። የደብዳቤውን የኮሪያኛ ቅጂ በፖስታ ልኬላችኋለሁ። በአማርኛ እዚህ ያወጣሁት ልቤ ያለውን እንደ ልብ የምናገረው በአማርኛ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም እዚህ አገር የሚኖሩ ያገሬ ልጆች ግድግዳ የሚጋሯቸውን ሴቶች ዞር ብለው እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነው።

ጎረቤቴን ኦንኒ እላታለሁ። እዚህ ሴት ልጅ ታላቅ እህቷን የምትጠራው እንዲያ ነው። ስሟን እንዳላነሳ አስምላኛለች፣ ታሪኳን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። ባሏ ማለዳ ወጥቶ ማታ ይገባል። ልጇ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ማስጠኛ ይሄዳል፤ ሲመለስ ጨልሟል። ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ናት። ሶጁው፣ የዚህ አገር አረቄ፣ ደግሞ ከሕንፃው ሥር፣ ሌሊትም በማይዘጋው ሱቅ ውስጥ፣ በ2000 ዎን ገደማ ይሸጣል። ባዶ ጠርሙሶቹን ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ትደብቅ ነበር። ለዓመታት ማንም አላወቀባትም። ቤቷ ንጹሕ ነው፣ የልጇ ምሳ ዕቃ ሙሉ ነው፣ ታዲያ ማን ይጠረጥራታል?

ሲታወቅ ቤተሰቧ ያደረገው እዚህ አገር አብዛኛው ቤተሰብ የሚያደርገውን ነው። ሆስፒታል አስገቧት። ከ2017 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በሚሠራው ሕጋችሁ መሠረት ሁለት የቤተሰብ አባላት ፈርመው፣ በሁለት የተለያዩ ተቋማት ያሉ የአእምሮ ሐኪሞች ከተስማሙ፣ አንድ ሰው ሳይፈቅድ እስከ 3 ወር ሊተኛ ይችላል። ሕጉ ከበፊቱ ይሻላል፣ እሱን አልክድም። ኦንኒ ሦስት ወር በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ተኛች። ጠጥታ አታውቅም እስኪባል ድረስ ፊቷ ጠርቶ ወጣች። የተመለሰችው ግን ወደዚያው ወጥ ቤት፣ ወደዚያው ከሰዓት በኋላ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን አገረሸባት። እንደገና አስገቧት። እንደገና ወጣች። እንደገና አገረሸባት።

ልብ በሉልኝ፣ ሆስፒታል አያስፈልግም አላልኩም። ለዓመታት ብዙ ስትጠጣ የኖረች ሴት በድንገት ስታቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊይዛት፣ ልትቃዥ፣ ልትሞትም ትችላለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሐኪም አጠገቧ መኖር አለበት። እኔ የምጠይቃችሁ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። በተቆለፈው በርና በባዶው ወጥ ቤት መካከል ምን አለ?

ማዕከላት አሉን እንደምትሉ አውቃለሁ። በ2000 የአልኮል ምክር ማዕከል ተብለው ጀምረው በኋላ ስማቸው የተቀየረው የሱስ አገልግሎት ማዕከላት ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ50 በላይ ናቸው፣ በነፃም ያገለግላሉ። ሠራተኞቻቸውን አይቻቸዋለሁ፣ ከልባቸው ነው የሚሠሩት። ግን ይህች አገር ከ220 በላይ ከተሞች፣ ወረዳዎችና ክፍለ ከተሞች አሏት። ብዙው ቦታ ማዕከል የለውም። ያለበትም ቦታ ቢሆን፣ በአንዳንዶቹ የቀን መርሐ ግብር ቢኖርም፣ ኦንኒ የገባችበት ቡድን በሳምንት አንድ ጊዜ ለሰዓት ተኩል ነበር የሚሰበሰበው፣ እሷም ከአሥራ አንድ ወንዶች መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበረች። አንዱ ሰውዬ ሰክሮ ሚስቱን እንዴት ይመታት እንደነበር ሲናገር (እያለቀሰና እየተጸጸተ ነው አሉ) እሷ የአባቷን ድምፅ ነው የሰማችው። ሁለተኛ አልሄደችም። ጥፋቱ የሰውዬውም አይደለም፣ የአማካሪዋም አይደለም። ሁለቱን አንድ ክፍል ያስቀመጠው ሌላ ክፍል አለመኖሩ ነው።

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ በቡና ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ቡና አፍልቼ ጠራኋት። እንደ አገሬ ወግ ነው ያፈላሁት፦ ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። በኮሪያኛዬ እየተኮላተፍኩ፣ እሷም እያረመችኝ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ተኩል አልጠጣሁም» አለችኝ። ያኔ ነው ስትጠጣ እንደኖረች የነገረችኝ። ከምሳ በኋላ፣ ልጁ ከመምጣቱ በፊት ያለው ሰዓት ነው የሚገድላት። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። እኔ ግን ሥራ አለኝ፣ ሳምንቱ ደግሞ ሰባት ቀን ነው። ጀበና ሕክምና አይሆንም።

የምጠይቃችሁ ቤት እንዲህ ያለ ነው። ሰፈር ውስጥ ይሁን፣ በእግር ወይም በአንድ አውቶቡስ የሚደረስበት። ሴቶች ብቻ ይግቡበት። ሴቲቱ ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ትምጣ፣ ማታ ቤቷ ትግባ። ጠዋት ስትገባ የሚጠይቃት ሰው ይኑር፣ ሌሊቱ እንዴት አለፈ፣ እንቅልፍ ነበር ወይ፣ አማረሽ ወይ የሚላት። ምሳ አብረው ያብስሉ። ይህን እንደ ትርፍ ነገር አትዩብኝ፣ ለብዙዎቹ መጠጡ የተጀመረው እዚያው ምድጃ ሥር ነው፣ ሳይጠጡ ማብሰልን እንደ አዲስ መልመድ አለባቸው። ከሰዓት በኋላ ያለው ክፉ ሰዓት በቡድን ውይይት ይሞላ። የሚያገረሸው መቼ እንደሆነ እያንዳንዷ የራሷን ትወቅ፤ ያገገሙ ሰዎች ርሃብን፣ ንዴትን፣ ብቸኝነትንና ድካምን ጠብቂ የሚሉት በከንቱ አይደለም። የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ በትክክል መወሰዱን የምትከታተል ነርስ ትኑር። የተመታች፣ የተደፈረች፣ ልጅ የቀበረች ሴት ደግሞ ያንን ወንድ በሌለበት የምትናገርበት ክፍል ታግኝ። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ማቆያ ይኑር። ማቆያ ከሌለ የቀረው ሁሉ ለነሱ የለም ማለት ነው። የቆዩት ሴቶች ደግሞ፣ ዓመት ሁለት ዓመት ሳይጠጡ የቆዩት፣ ደመወዝ ተከፍሏቸው እዚያው ይሥሩ።

ለምን ለሴት ብቻ ትሉኝ ይሆናል። አልኮል የሴትን ገላ በፍጥነት ነው የሚጎዳው። በሰውነቷ ያለው ውኃ ከወንድ ያነሰ ስለሆነ ያንኑ ያህል ጠጥታ ደሟ ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል፣ ከመጀመሪያው ብርጭቆ እስከ ሱስና እስከ ጉበት ሕመም ያለው መንገድም ለሷ አጭር ነው። የራሳችሁን ጥናት ልጥቀስላችሁ። በአንድ መቀመጫ ብዙ የሚጠጡ ሴቶች፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ በ2005 17 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2018 27 በመቶ ደረሱ። በዚያው ጊዜ የወንዶቹ ቀንሷል። ሶጁው ራሱ ሴቶችንም ለመሳብ ተብሎ ነው የተለሳለሰው። የአልኮል መጠኑ በ1970ዎቹ 25 በመቶ የነበረው ዛሬ 16 አካባቢ ነው፣ በ2015 ደግሞ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ወጣ። ጠርሙሱ ላይ የቆነጃጅት ፎቶ ሲለጠፍ ቆይቷል። መጠጡን ለሴት ብሎ መሥራት ከተቻለ ሕክምናውንም ለሴት ብሎ መሥራት ይቻላል።

ሌላው የ2021 ጥናታችሁ ነው። የአልኮል ችግር ካጋጠማቸው ሰዎች ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው የአእምሮ ጤና አገልግሎት ያገኙት 2.6 በመቶ ብቻ ናቸው። ከመቶ ሰው ሦስት አይሞሉም! የቀሩት የት ናቸው? ቤታቸው ናቸው። ሴቶቹ ደግሞ የሚፈሩት አላቸው። ኤፍ ኮድ የሚባለውን፣ በሐኪም መዝገብ ላይ በዚያ ፊደል የሚጀምረውን የአእምሮ ሕመም ቁጥር ይፈራሉ። ነገ ኢንሹራንስ ይከለክለኛል፣ ብፋታ ልጄን ይወስዱብኛል ብለው ይፈራሉ። የሰፈር ቤት ግን ከሆስፒታል በር ይቀላል። ሴቶች ሲገቡ ሲወጡ ያየ ሰው የምግብ ዝግጅት ትምህርት ነው ብሎ ቢያስብ ምን ቸገረን?

ገንዘቡን ከየት እናምጣ የሚለውን ጥያቄ እጠብቃለሁ። ከአንድ ፓኮ ሲጋራ 841 ዎን ለጤና ማሻሻያ ፈንድ ይቆረጣል፣ ከ2015 ጀምሮ። ከአንድ ጠርሙስ ሶጁ ግን ለዚያ ፈንድ የሚቆረጥ አንድ ዎን የለም። በፊት የመጠጥ አምራቾች ራሳቸው ባዋጡት ገንዘብ ኢልሳን ላይ ለአልኮል ሕሙማን ሆስፒታል ተሠርቶ ነበር፤ መዋጮው ሲቋረጥ ሆስፒታሉ በ2013 ተዘጋ፣ ኋላ ላይ ነው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተረክባ የከፈተችው። በሰው በጎ ፈቃድ የቆመ ነገር እንዲህ ነው፣ ፈቃዱ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ በሕግ ይሁን። ከጠርሙሱ ላይ ጥቂት ይቆረጥ፣ እሱም ለነዚህ ቤቶች ብቻ ይዋል። የጤና መድኑም የሰፈሩን የቀን ሕክምና እንደ ሆስፒታሉ አልጋ ቆጥሮ ይክፈል። አልጋ ሲሆን የሚከፈል፣ ቤቷ ስታድር ግን የማይከፈል ከሆነ፣ ሁሉም ወደ አልጋ ነው የሚገፋት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ቤቱ በቹሶክ (በመኸር በዓል) እና በሶላል (በጨረቃ አዲስ ዓመት) አይዘጋ። ኦንኒ ከዓመቱ ሁሉ የምትፈራው እነዚያን ቀናት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትጠብስ ትውላለች፣ በአያቶች መታሰቢያ ላይ መጠጡ የሥርዓቱ አካል ነው፣ ከሥርዓቱ በኋላም ቤተሰቡ ይካፈለዋል። ባለፈው ቹሶክ አማቷ ጽዋውን ሲሰጧት «አልጠጣም» ማለት አልቻለችም። ምክንያቱን ሊጠይቋት ነዋ። በማግሥቱ የማዕከሉን ስልክ ደወለች፣ በዓል ስለሆነ አገልግሎት የለም የሚል ድምፅ መለሰላት። ከዚያ ነው እኔ በር ላይ የመጣችው።

ለመጀመር ብዙ አልጠይቅም። እዚሁ ጋንግዎን ክፍለ ሀገር ውስጥ አንድ ቤት፣ አንድ ነርስ፣ ሁለት አማካሪዎች፣ አንድ የልጆች ክፍል፣ ወጥ ቤት። ቹንቾን ላይ ከሆነ ቡናውን እኔ አመጣለሁ። ኦንኒ ዛሬ ካቆመች አርባ ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ መልሳችሁ ሲመጣ አብረን ነው የምናነበው።