ልጆቹን ይዘን ቀሃን ሽቅብ

ለምወድሽ እህትዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ የጀመረው ዝምታችን ከተለቀቀ በኋላም ቀጠለ። እኔ ግን የእናትሽን ደጅ አልተውኩም፤ ወሬሽን ከእሳቸው ስሰማ ነው የከረምኩት። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን "ለጥምቀት ልጆቿን ይዛ ትመጣለች" ሲሉኝ እስክትደርሺ መታገሥ አቃተኝ። የምለምንሽ ነገር አለ፤ ልጆቹን ለአንድ ቀን ስጪኝ። አንቺም አብረሽን ነይና የቀሃን ወንዝ ሽቅብ ይዘን እንውጣ።

ይህን ያመጣው የትንሹ ልጄ ጥያቄ ነው። ፋሲል መዋኛ ገንዳው ሲሞላ አይቶ "ይሄ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ?" አለኝ። ከቀሃ ነው አልኩት። "ቀሃስ ከየት መጣ?" አለ። ጥር 11 ወጣቱ ዘሎ የሚገባበት ውኃ ከወንዙ በቦይ ተጠልፎ እንደሚመጣ፣ ገንዳውን መሙላትም ቀናት እንደሚፈጅ ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል። ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ የወጣው ግን ጥቂት ነው። እኔና አንቺም ልብስ ልናጥብ ከመውረድ አልፈን የሸለቆውን ውስጥ አይተነው አናውቅም። ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ አንገረብ በምሥራቅ፣ ቀሃ በምዕራብ ይዘዋት ነበር። አንገረብ ዛሬ ተገድቦ የምንጠጣው ሆኗል። የሁለቱም መጨረሻ መገጭ ነው፤ ከዚያ ወደ ጣና። ልጅ ይህን በቃል ሲነግሩት ወዲያው ይረሳዋል፤ በእግሩ ሲሄድበት ግን አይረሳውም።

በከተማው መሐል ያለውን ክፍል ቶሎ ነው የምናልፈው። የሚጣልበት ቆሻሻ ያሳዝነኛል፤ ልጆቹም አይተው ዝም አይሉም፣ ይጠይቃሉ። ከፍ እያልን ስንሄድ ግን ዳርና ዳሩ እየጠበበ፣ ድንጋዩ እየገነነ ይመጣል። እዚያ ላይ "ቶሎ ቶሎ በሉ" የሚል ሰው አብሮን እንዲመጣ አልፈልግም። ልጅ ወንዝ ውስጥ እንደ ትልቅ ሰው አይሄድም። አንዷ ድንጋይ ትገለብጣለች፣ አንዱ ሽኮኮ አየሁ ብሎ ይቀመጣል፣ ሌላው አጋም ሲለቅም ይቀራል። ትልቅ ሰው በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው መንገድ ግማሽ ቀን ይወስድብናል፤ ይውሰድ።

ድንጋዩን ደግሞ እዪልኝ። ጥቁሩ ባዛልት ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ ቀልጦ የወጣ ነው፤ ሲቀዘቅዝ በቀሩት ቀዳዳዎች ውስጥ ነጫጭ ክሪስታል ሞልቶባቸዋል። ትልቋ ልጄ አንዱን ይዛ ስታገላብጥ ቆየችና "የፋሲል ግንብም በዚህ ነው የተሠራው?" አለችኝ። አዎ፣ በዚህ ድንጋይና በኖራ ነው አልኳት። ግንቡን በትምህርት ቤት ጉብኝት ያየችው ነው፤ ከወንዙ ስንመለስ ግን ጠጋ ብላ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰችው።

አሁን እናት ነሽና የምትፈሪውን አውቃለሁ። እኔም እፈራለሁ፤ መፍራትም ይገባል። ደራሽ ውኃ እኛ ካለንበት ዝናብ ሳይጥል ይመጣል። ላይ ተራራው ላይ ከዘነበ እኛ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን እያለ ሊደርስብን ይችላል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ልጅ ይዤ ወደ ጠባቡ ሸለቆ አልገባም። በበጋም ቢሆን ከላይ ደመና ከጠቆረ ቀኑን እተወዋለሁ። ስንደርስ በውኃው ዳር እንጨት ተክለን ልጆቹ ራሳቸው እንዲጠብቁት አደርጋለሁ፤ ውኃው ወደ እንጨቱ ከቀረበ፣ ጠራ ብሎ የነበረው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ ያለ ጥያቄ ወደ ላይ ነው። ወደ ታች በሸለቆው መሮጥ የለም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታው እንወጣለን። መውጫውንም እግራችን ውኃ ሳይነካ አስቀድመን እናያለን። 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈጣን ጎርፍ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ ለልጅማ አስቢው።

ኩሬ ሠርቶ ከቆመው ውኃ ውስጥ አይገቡም። ቢልሃርዝያ የሚይዘው ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ተባይ በቆዳ በኩል ዘልቆ ሲገባ ነው፤ የሚወደውም ቀስ ብሎ የሚሄድና የቆመ ውኃ ነው። ምንጭም ቢሆን ጎንበስ ብለው እንዳይጠጡ፤ አልቅት አለ። የሚጠጣ ውኃ፣ በሶና ቆሎ እኔ ይዤ እመጣለሁ። ሳማውን ደግሞ አንዴ ከነካቸው በኋላ ከሩቅ ያውቁታል።

የኔዎቹ አሁን ጅንባርን ካላየን ብለው ይዘውኛል። በሰሜን ተራሮች፣ ከሳንቃበር ወዲያ የጅንባር ወንዝ 500 ሜትር ገደማ ወደ ገደሉ የሚወረወርበት ቦታ ነው። እኔ ገና ነው ብያቸዋለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከገደል አፍ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ መቆም ሲያውቁ እንሄዳለን። ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ለአንቺ ልጆች ከመጡ ጥቂት ቀን ሳያድሩ አይሆንም። ለእነሱ ቀሃ ይበቃል። ጥር ላይ ውኃው ስለሚያንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመቻል። ሙሉ ሆኖ እንዲያዩት ከፈለግሽ ግን በሌላ ዓመት ኅዳር ላይ ነይ።

ከከተራ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ገንዳው ሲሞላ እንዲያዩ። ኮንጎ ጫማ አታልብሻቸው፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። የእግራቸውን ቁጥር ላኪልኝና ከዚህ ሸራ ጫማ እገዛላቸዋለሁ። ትንሿ ልጅሽ አሁንም ውኃ ትፈራለች? ከሆነ ከእኔ ልጅ ጋር ዳር ዳሩን ይዘው ይሄዳሉ፤ እሱም ይፈራ ነበር። በየትኛው ቀን እንደምትነሺ ወስነሽ ጻፊልኝ፤ ለእትዬም የምነግራቸው እንዲኖረኝ።

የምትወድሽ እህትሽ፣
ከጎንደር