ለመመርመር የመጣችን ሴት ለምን መለሳችኋት? ለጤና ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር የጤና ቢሮ ኃላፊ፣

ይህ ለእርስዎ የምጽፈው አራተኛ ደብዳቤ ነው። ሦስቱ መዝገብ ቤትዎ ማኅተም ተመትቶባቸው ገብተዋል፤ ቅጂዎቻቸው እጄ ላይ አሉ። ለመጀመሪያው መልስ አላገኘሁም። ለሁለተኛው «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» ተባልኩ። ለሦስተኛው የደረሰኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ተገልጋይዋ በወጣው መስፈርት መሠረት ተስተናግደዋል።» በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ስለዚሁ የኤች አይ ቪ ምርመራ መስፈርት ነው።

ታላቅ እህቴ የ41 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከጎኗ ተነሥቶ እስከ ጀርባዋ የዞረ አልማዝ ባለጭራ ወጣባት። ክብደቷም እየቀነሰ ነበር። ሁለቱም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ሊታዩ የሚችሉ ናቸውና ራሷ ተጠራጥራ፣ ማንም ሳይገፋፋት የኤች አይ ቪ ምርመራ ለማድረግ ሄደች። የት እንደምትሄድ ለባለቤቷ አልነገረችውም። በሩ ላይ እስክትደርስ ድረስ ሁለት ጊዜ ልመለስ ብላ እንደነበር በኋላ አጫውታኛለች።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ባለሙያ አንድ ገጽ ቅጽ አወጣና ጥያቄዎቹን ጮክ ብሎ ያነብላት ጀመር። ሰልፉ ከኋላዋ ነው። «ያገባሽ ነሽ?» «አዎ።» «ከባለቤትሽ ሌላ የምትገናኚው ሰው አለ?» «የለም።» «መርፌ ከሌላ ሰው ጋር በጋራ ተጠቅመሽ ታውቂያለሽ?» «አላውቅም።» «ከዚህ በፊት የተመረመርሽው መቼ ነው?» «ትንሿን ልጄን ሳረግዝ፤ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ነጻ ነበርኩ።» ባለሙያው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። «እንግዲያው ተጋላጭ አይደለሽም። መመርመሪያው ለተጋላጮች ብቻ ነው» አላት። ስለ አልማዝ ባለጭራው ልትነግረው ስትጀምር የቆዳ ሐኪም እንድታይ ነግሯት ቀጣዩን ሰው ጠራ። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ ሄደች። ቅጹም ያው፣ መልሱም ያው ሆነ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመለሰች በዘጠነኛው ወር ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። ያገኟት በሽታ በፈንገስ የሚመጣ የማጅራት ገትር ነበር። ኤች አይ ቪም በደሟ ተገኘ። የሲዲ ፎር ቁጥሯ፣ ማለትም በሽታ የሚከላከሉት የደም ሴሎቿ መጠን፣ 38 ነው። ይህ ቁጥር ከ200 በታች ሲወርድ ሰውነት ራሱን መከላከል እንደሚያቅተው ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እህቴ ተርፋለች። ቀኝ ዓይኗ ግን አያይም።

ክቡር ኃላፊ፣ በዚያ ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ጠፍቷል፦ «የባለቤትሽን ውጤት ታውቂያለሽ?» የሚለው። እህቴን ለአደጋ ያጋለጣት ያገባችው ሰው ተመርምሮ የማያውቅ መሆኑ ነበር። እሱን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው፤ መቼ እንደያዘው እሱም አያውቅም፣ አሞትም አያውቅም ነበር። ቫይረሱ ወደ ሰውነት በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደም ውስጥ እጅግ ይበዛል፤ ሰውም በቀላሉ የሚያስተላልፈው ያን ጊዜ ነው። ሕመሙ ቢሰማው እንኳ ጉንፋን መስሎት ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ ምንም ምልክት ሳይታይበት ዓመታት ሊኖር ይችላል። በዚህ መካከል ያለ ኮንዶም የሚደረግ ግንኙነት፣ ሳይታከም የቆየ የአባላዘር በሽታ ቁስል፣ በጋራ የተጠቀሙበት መርፌ፣ የትዳር ጓደኛን ውጤት አለማወቅ፣ እነዚህ ሁሉ አደጋ ናቸው። ያገባና ያላገባ፣ ጨዋና ባለጌ እያለ የሚመርጥ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም። የእናንተ ቅጽ ግን የሚመዝነው ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነው።

ደግሞስ በዚያ መስኮት ሥር እውነቱን የሚናገር ማን ነው? ከትዳሩ ውጭ የሄደ ሰው ጎረቤቱ ሊኖርበት በሚችል ሰልፍ ፊት «አዎ» ይላል? አይልም። ስለዚህ የሚፈራው ዋሽቶ ይመለሳል፤ እህቴን የመሰለችው ደግሞ እውነቱን ተናግራ ትመለሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ምርመራ ካስቀመጣቸው አምስት መርሆዎች አንዱ ሚስጥር መጠበቅ ነው። ይህን ባለሙያዎቻችሁ ሁሉ ሠልጥነውበታል።

የስድስት ዓመቱን ውጤት ነገር ሳስብ ደግሞ እንቅልፍ አጣለሁ። ፈጣኑ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር የሚፈልገው፣ መያዝን ለማሳየት ከተጋለጡ በኋላ ከ23 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል። ዛሬ «ነጻ ነህ» የተባለ ሰው እንኳ ያለፉትን ሳምንታት በዚያ ውጤት ሊመሰክርባቸው አይችልም። ባለሙያው ስድስት ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ወረቀት ይዞ እንዴት አንዲትን ሴት ወደ ቤቷ ይሸኛል?

እህቴ ሆስፒታል ከገባች በኋላ ሁለቱን ልጆች ያስመረመርኳቸው እኔ ነኝ። ትንሿን ጡት አጥብታታለች። መድኃኒት ካልተወሰደ ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ወተት ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፉ ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል፤ እህቴ በማጥባት ላይ ሳለች ይዟት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ልጅቷ ጣቷ ላይ የተለጠፈላትን ጥጥ በጥፍሯ እየነካካች «አክስቴ፣ ደም ለምን ይወስዱብኛል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ለእህቴ ዘጠኝ ወር የተነፈጋት ነገር ይህ ነው፦ አንድ የደም ጠብታና ሃያ ደቂቃ።

ያን ዕለት ተመርምራ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን ወዲያው ትጀምር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሲዲ ፎር ቁጥር እስኪወርድ ሳይጠበቅ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሕክምና እንዲጀምር ይመክራል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ጤናማ ሆኖ ዕድሜውን ይኖራል። ይህ ሁሉ ተስፋ የሚጀምረው ከዚያች የምርመራ ክፍል ነው፤ በሩን የዘጋው ደግሞ የእርስዎ ቢሮ ያወጣው መስፈርት ነው።

መመርመሪያ እንደሚያጥር አውቃለሁ። እጥረት ሲኖር ተጋላጭ የሆኑትን ፈልጎ መድረስ ተገቢ ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን ፈርታ፣ ሁለት ጊዜ ልመለስ ብላ፣ በመጨረሻ በራሷ እግር የመጣችን ሴት መመለስ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በዓለም ላይ 39.9 ሚሊዮን ሰዎች ከቫይረሱ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህ 5.4 ሚሊዮን ያህሉ መያዛቸውን አያውቁም ነበር። የሥራችሁ ዋና ጉዳይ እነዚህን ሰዎች ማግኘት ነው። እህቴ ከእነሱ አንዷ ነበረች፤ ሁለት ጊዜ ፊታችሁ ቆማለች።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ለመመርመር የጠየቀ ሰው በቅጽ ምክንያት እንዳይመለስ በጽሑፍ ይታዘዝ። ጥያቄ መጠየቅ ካስፈለገ በር ተዘግቶ ይጠየቅ። መመርመሪያው በዕለቱ ካለቀ ለሰውየው ቀጠሮ ይሰጠው፣ ወይም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚመክረው ራስን በራስ መመርመሪያ በእጁ ይሰጠው።

ባለፈው ማክሰኞ እህቴን መድኃኒቷን ልታስሞላ ይዣት ሄጄ ነበር። ቅጹ አሁንም እዚያው መስኮት ላይ ተደርድሯል። ከፊታችን የነበረች አንዲት ወጣት ጥያቄዎቹን ዝቅ ባለ ድምፅ መልሳ፣ ባለሙያው «አይሆንም» ብሎ ራሱን ሲነቀንቅላት ሻርፗን ወደ ፊቷ ስባ ወጣች። እህቴ እጄን ለቀቀችና «ሂጂ፣ ጥሪያት» አለችኝ። ሮጬ ወጣሁ። በሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር፤ አላገኘኋትም።

መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

የታካሚዋ ታናሽ እህት