ስለ መርከብ ገንዘብ አንድ እርማት

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ስለ እንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ባወጣችሁት ጽሑፍ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስና ፓርላማው የተጣሉት በሃይማኖት ብቻ ይመስላል። ሃይማኖቱስ አለ፤ ገንዘቡ ግን ተዘሏል።

ቻርልስ ከ1629 እስከ 1640 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ፓርላማ አልጠራም። አዲስ ግብር መጣል ደግሞ የፓርላማ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ «የመርከብ ገንዘብ» የሚባለውን የቆየ ግዴታ ቀሰቀሰ። ልማዱ የወደብ ከተሞች በአደጋ ጊዜ መርከብ እንዲያቀርቡ ነበር። በ1634 በእነሱ ጀመረ፤ በ1635 ባሕር የማይነካቸውን አውራጃዎችም ጨመረ። ከባኪንግሃምሻየር የተጠየቀው ባለ 450 ቶን መርከብ ወይም 4,500 ፓውንድ ነው። በየብስ የተከበበ አውራጃ መርከብ ከየት ያመጣል? ያው ገንዘቡን ነው የፈለጉት። ሸሪፉ (የንጉሡ የአውራጃ ሹም) ድርሻውን በየሰበካው ደልድሎ ይሰበስባል፤ ከጎደለም የሚጠየቀው እሱ ራሱ ነው።

የዚሁ አውራጃ ባለጸጋ ጆን ሃምፕደን የተጣለበትን 20 ሽልንግ (1 ፓውንድ) አልከፍልም አለ። ገንዘቡ አጥቶ አይደለም፤ ጉዳዩ ችሎት ፊት እንዲቀርብ ነው። በ1638 ከ12 ዳኞች 7ቱ ለንጉሡ፣ 5ቱ ለሃምፕደን ፈረዱ። ንጉሡ በሚሾማቸው ዳኞች ዘንድ ይህን ያህል ተቃውሞ መታየቱ ከፋዩን አደፋፈረ፤ በ1639 ከተጠየቀው አብዛኛው ሳይሰበሰብ ቀረ። በ1641 ፓርላማው ግብሩን ከነፍርዱ ሻረው።

ደግሞም ሃምፕደን የሞተው ጽሑፋችሁ እንዳለው በ1642 ሳይሆን በሰኔ 1643፣ በዚያው ጦርነት በቻልግሮቭ ውጊያ በደረሰበት ቁስል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ