ጋዙ ሳይታሰብ ማሽኑ አይገዛ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ

ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ የልብ ምት መዛባትን በቅዝቃዜ የሚያክሙ ካቴተሮችን ግዥ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ክሪዮባሉን፣ ማለትም በደም ሥር ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ጫፍ ላይ ያለ የሚያቀዘቅዝ ባሉን፣ ለክልላችን ሆስፒታሎች ይገዛ የሚል ጥያቄ ሲቀርብላችሁ ከማሽኑ ዋጋ በፊት ስለ ጋዙ ጠይቁ። ፈሳሽ ናይትረስ ኦክሳይድ ከሲሊንደር ተነሥቶ በቀጭን ቱቦ ካቴተሩ ጫፍ ላይ ወዳለው ባሉን ይገባል። እዚያ ግፊቱ ሲላላ ይተንናል፤ ሲተንም ባሉኑ የነካውን የልብ አካል ሙቀት ይወስዳል። የተነነው በቫክዩም ተስቦ ይመለሳል።

ችግሩ የሚጀምረው ከሲሊንደሩ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክፍል የግፊት መለኪያው 50 ባር አካባቢ ያሳያል፤ ግማሽ ቢቀርም ሩብ ቢቀርም ያው ነው። ግፊቱ የሚወርደው ፈሳሹ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ቀሪው የሚታወቀው በሚዛን ብቻ ነው። ሚዛንና ተጠባባቂ ሲሊንደር በጨረታ ሰነዱ ይግቡ። የጋዝ ማስወገጃ መስመርም እንዲሁ፤ ካልሆነ ጋዙን ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት ነርሶቹና ሐኪሞቹ ናቸው።

ባሉኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ 28 ሚሊሜትር የሆነው፣ የሳንባ ደም መልስን (ከሳንባ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ሥር) አፍ ዘግቶ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ያቀዘቅዛል። በቀኝ በኩል ድያፍራምን (ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ) የሚያንቀሳቅሰው ፍሬኒክ ነርቭ በቅርብ ያልፋል። ስለዚህ ነርቩን በሌላ ካቴተር እያነቃቁ፣ እጅን ከጎድን አጥንት ሥር አድርጎ የድያፍራሙን ምት መዳሰስ ያስፈልጋል። ምቱ ከደከመ ቅዝቃዜው ወዲያው ይቁም፤ በባሉኑ ውስጥ የሚለካው ሙቀት ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ከደረሰም ይቁም። ይህን ለሚከታተል ሰው ሌላ ሥራ አይደረብበት። በረዶው ሳይቀልጥ ካቴተሩን መሳብ የልብን ግድግዳ ሊጎዳ ይችላል፤ መብራት በድንገት ቢጠፋ ሠራተኛው እንዳይደናገጥ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) እና የተለማመደ ቡድን ግድ ናቸው።

ካቴተሩ ለአንድ ሕመምተኛ ብቻ ነው። አምክኖ መልሶ መጠቀም አይገባም፤ ባሉኑ ከሾለከ ጋዝ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በጀቱ በየሕመምተኛው ይሰላ።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በሩማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል ቫልቫቸው (በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር) ጠቦ ምታቸው ለተዛባ ወጣቶች ቀዳሚው መፍትሔ ይህ ባሉን አይደለም። የቫልቭ ሕክምና፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው ዋርፋሪንና ሳይቋረጥ የሚሠራ የአይኤንአር (የደም መርጋት ፍጥነት) ምርመራ ይቅደምላቸው።

የግዥ ኮሚቴ ሲቋቋም አንድ የባዮሜዲካል መሐንዲስና አንድ የካቴተር ክፍል ነርስ ይካተቱበት፤ የስፔሲፊኬሽኑን ረቂቅ ለመመርመር እኛም ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የባዮሜዲካልና የልብ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ሐዋሳ