በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት ስለሚያስመልሳቸውና ስለሚያስቀምጣቸው ሕፃናት ለጤና ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ለኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት

ጉዳዩ፦ ኢንፍሉዌንዛ በሕፃናት ሆድ ላይ ስለሚያስከትለው ችግርና ስለ አስፕሪን ማስጠንቀቂያ

በሕፃናት ሕክምና ክፍል የማገለግል ነርስ ነኝ። ደብዳቤውን በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ የአንድ ተቋም ሳይሆን ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያን፣ መድኃኒት ቤትንና ወላጅን አንድ ላይ የሚነካ በመሆኑ ነው።

ኢንፍሉዌንዛ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሳል፣ ንፍጥ፣ ትኩሳትና ቁርጥማት ነው። በአዋቂዎች ዘንድ ነገሩ በአብዛኛው እንዲሁ ነው። በትንንሽ ልጆች ላይ ግን ማስመለስ፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ከአዋቂዎች ይልቅ በብዛት ይታያሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሳሉ ጎልቶ ሳይሰማ ሆዱ ቀድሞ ይታወካል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለምን ያዳረሰው የኤች-ዋን-ኤን-ዋን ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ይህን በሰፊው አሳይቶ ነበር።

እንዲህ ያለ ልጅ በከተማችን የሚያልፍበት መንገድ የታወቀ ነው። እናት ስትመጣ የመጀመሪያ ቃሏ «ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል» የሚል በመሆኑ የሰገራ ምርመራ ይታዘዛል፤ «አሜባ» ወይም «ጃርዲያ» ይባልና ሜትሮኒዳዞል ይሰጣል፤ ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ደግሞ የታይፎይድና የታይፈስ የደም ምርመራ ይጨመርና አንቲባዮቲክ ይከተላል። ሜትሮኒዳዞል ራሱ የሚያቅለሸልሽና አፍ የሚያመርር መድኃኒት ስለሆነ፣ ቀድሞም አልዋጥ ያለውን ልጅ ጭራሽ ከምግብም ከፈሳሽም ያርቀዋል። አንቲባዮቲክም ቫይረሱን አይነካውም። ይህን የምለው ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም፤ ወረፋው ረጅም፣ ወላጅም ባዶ እጁን መመለስ የማይወድ መሆኑን በየቀኑ የማየው ነው።

በዚህ መሃል የሚዘነጋው የልጁ የሰውነት ፈሳሽ ነው። ትኩሳት ያለበትና ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን ባያስቀምጠው እንኳ ውኃ ያጣል፤ አፍንጫው ተደፍኖ ጡት መሳብ ሲያቅተው፣ ሳሉ እስኪያስመልሰው ሲያጣድፈውና ተቅማጥ ሲጨመርበት ደግሞ ዓይኑ ለመሰርጎድ፣ ሽንቱም ለመቀነስ ጊዜ አይወስድበትም። መፍትሔው ውድ አይደለም። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በማንኪያ ጥቂት በጥቂት መስጠት፣ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቀስ ብሎ መቀጠል፣ ጡት አለማቋረጥ፣ ተቅማጥ ካለበትም ዚንክ መጨመር በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ መጥባት ያቃተው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የፈዘዘ ልጅ ግን በቤት የሚቆይ አይደለም።

በተቃራኒው ሁሉንም ማስመለስ ለኢንፍሉዌንዛ መስጠትም አደገኛ ነው። ቆላማ አካባቢ ወይም ከዚያ የመጣ ትኩሳት ያለበት ልጅ ወባ መመርመር አለበት። አረንጓዴ የሚያስመልስ ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ያለው ሕፃን አንጀቱ በአንጀቱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል።

ስለዚህ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች በሚያዘጋጀው የሕፃናት ሕክምና መመሪያና ሥልጠና ውስጥ ኢንፍሉዌንዛ ከሕፃናት ማስመለስና ተቅማጥ ጋር ያለው ግንኙነት በግልጽ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ። መመሪያው ሳልን በአንድ ዓምድ፣ ተቅማጥን በሌላ ዓምድ ይመድባል፤ ይህ አሠራር ብዙ ሕይወት ያተረፈ በመሆኑ ይለወጥ አልልም፤ ሁለቱ በአንድ ሕመም አብረው ሊመጡ እንደሚችሉ ብቻ ይጨመርበት። የኢንፍሉዌንዛ ሕሙማንን የመከታተልና የመመዝገብ (የቅኝት) ሥራውንም በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳትን ከሳል ጋር የሚጠይቅ ስለሆነ ሳሉ ያልታየ ሕፃን ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ኢንስቲትዩቱ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማስመለስንና ተቅማጥን የሚመዘግብ አንድ ዓምድ ቢጨምር የችግሩን ስፋት ከግምት ይልቅ በራሳችን ቁጥር እናውቀው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ አስፕሪን ነው። ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ የያዘው ልጅ አስፕሪን ሲወስድ፣ ሊሻለው ሲጀምር ደጋግሞ ማስመለስ፣ ከዚያም መፍዘዝና መቃዠት የሚታይበት፣ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ የሬይ ሲንድሮም የተባለ ሕመም ሊከተል ይችላል። ወላጅም ባለሙያም ማስመለሱን እንደ ተራ የሆድ ሕመም ሊያልፈው ስለሚችል ጊዜው ያመልጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ብቻ 555 ሕሙማን ተመዝግበው ነበር፤ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠና እ.ኤ.አ. በ1986 በአስፕሪን ማሸጊያ ላይ ማሳሰቢያ መጻፍ ግዴታ ከሆነ በኋላ ቁጥሩ ወርዶ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከሁለት የማይበልጥ ሆነ። ለዚህ ውጤት አዲስ መድኃኒት አላስፈለገም፤ በማሸጊያ ላይ የታተመ ጽሑፍና ደጋግሞ መናገር በቅቷል። በእኛ ቤቶች ለአያት ልብ የታዘዘ አስፕሪን ከልጆች እጅ ብዙም በማይርቅበት ሁኔታ፣ ባለሥልጣኑ በየመድኃኒት ቤቱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም የአገሪቱ ቋንቋዎች የሚለጠፍ ማሳሰቢያ እንዲያወጣ፣ ለልጅ ትኩሳት ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ እንዲሰጥም እንዲያሳስብ እጠይቃለሁ።

አንድ ቡድን ግን አስፕሪን አቁም ሊባል አይችልም። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መጥቶ መገጣጠሚያንና ልብን በሚጎዳው በሩማቲክ ፊቨር ምክንያት ሐኪም ለሳምንታት አስፕሪን ያዘዘላቸው ልጆች በአገራችን ጥቂት አይደሉም። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብራችን ውስጥ የለም፤ የበጀቱን ጫና ስለማውቅም ለሁሉም ሕፃን ዛሬውኑ ይሰጥ ብዬ አልጠይቅም። ለእነዚህ ልጆች ግን፣ ዕድሜያቸው ከ6 ወር በላይ እስከሆነ ድረስ፣ ክትባቱ በሕክምና ክትትላቸው ውስጥ እንዲካተት፣ ወላጆቻቸውም ልጁ ጉንፋን ሲይዘው መድኃኒቱን በራሳቸው ከማቆምም ዝም ብለው ከመቀጠልም ይልቅ በዚያው ቀን ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ የሚያስታውስ ካርድ እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የሕፃናት ሕክምና ክፍል ነርስ
አዲስ አበባ