ያልጨረስኩትን አልጋ ልብስ ለጨረሳችሁልኝ ሁሉ

ሰላም ውድ ቤተሰቦቼ፣ ይሄን ምስጋና ለመጻፍ ሶስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ውለታ ረስታ ነው እንዳትሉኝ፣ የቀኝ አውራ ጣቴ ገና ስልክ ላይ እንደልቡ አይሄድልኝም፣ ግማሹን በግራ እየነካካሁ ነው የምጽፈው፣ የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉት።

ለማታውቁኝ ባጭሩ፣ የዳንቴልና የሹራብ ዲዛይነር ነኝ። ይሄን ስል የሚስቅ ሰው አይጠፋም፣ "ዳንቴልም ዲዛይነር አለው እንዴ?" ይሉኛል። አለው እንጂ! አንዲት የህጻን ኮፍያ ከስንት ሰንሰለት እንደምትጀምር፣ የቱ ዙር ላይ መስፋት እንዳለባት፣ የቱ ጋ መጨመር ማቆም እንዳለብኝ አስቤ፣ ሰርቼ፣ ተርትሬ፣ እንደገና ሰርቼ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲሰራት አርጌ የምጽፍ ማለት ነው። እውነቱን ከነገርኳችሁ ከምሰራው የምተረትረው ይበዛል።

ያደኩት ደብረ ብርሃን ነው፣ ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። እኛ ጋ ልጅ ስለ ክር ሳያውቅ አያድግም፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው አለ፣ ከመንዝ የሚመጣው ባና አለ። እናቴ ዳንቴል የተማረችው ትምህርት ቤት በሆም ኢኮኖሚክስ ክፍለ ጊዜ ነው፣ ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ እቃ አልነበረም፣ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮኑ ለብሷል፣ የሶፋው መደገፊያ ለብሷል፣ የሚበርደን እኛ ልጆቹ ብቻ ነበርን። የጠረጴዛ ልብሷ ጠርዝ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስኳር ውሃ ነክራ ታደርቀው ነበር፣ ከዛ ጉንዳን ሰልፉን ይዞ ይመጣል፣ የኔ ስራ ጉንዳን መጠበቅ ነበር። ሹራብ የጀመርኩት ደሞ ወንድሜ ከጣለው የብስክሌት ጎማ በነቀልኳቸው ሁለት ሽቦዎች ነው፣ ጫፋቸውን ድንጋይ ላይ ሞርጄ። ክሩም አዲስ አልነበረም፣ ካረጀ ሹራብ የተተረተረ ነው፣ እንደተፈታ ሹሩባ ጥምዝምዝ ይላል፣ እሱን ሻይ ጀበና እንፋሎት ላይ እያሳለፉ ማቃናት እስከዛሬ ደስ የሚለኝ ነገር ነው።

ክር ላይ አቅም የለኝም በቃ። መርካቶ "አንድ ቱባ ብቻ" ብዬ እገባና የታክሲ ሳይቀረኝ እወጣለሁ። እዛ የሚበዛው አክሪሊክ ነው፣ ሱፍ ብዙም የለም፣ የሚገርመው እኮ መንዝን የሚያህል የበግ አገር ይዘን ነው፣ ግን የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነው፣ ለባናና ለምንጣፍ አንደኛ፣ አንገት ላይ ካረጋችሁት ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታኩ ታድራላችሁ። ለዳንቴል ጥጥ ነው የኔ ምርጫ፣ ቀጭን ጥብቅ ያለ ጥጥ፣ መርፌው ላይ ሲንሸራተት ትንሽ ጽ የሚል ድምጽ አለው፣ የሰራ ሰው ያውቀዋል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ትዕዛዙ የአንዲት ሙሽራ አልጋ ልብስ ነበር። ሁለት ሜትር ከአርባ በሁለት ሜትር ከአስር፣ እያንዳንዷ ካሬ 15 ሳንቲም በ15 ሳንቲም፣ 16 በ14 ሲደረደር 224 ካሬ ማለት ነው። ነጭ 10 ቁጥር ክር፣ 1.5 ሚሊ መርፌ፣ አንዷ ካሬ ሁለት ሰአት ትወስድብኛለች። ቀብድ ተቀብያለሁ፣ ሰርጉ ሚያዝያ 26 ነው፣ ጥምቀት ሲያልፍ 131 ጨርሼ ነበር፣ 93 ይቀረኛል፣ በጣም ተረጋግቼ ነበር እኮ፣ በቀን ሁለት ብሰራ እንኳን ፋሲካ ሳይደርስ አልቆ ታጥቦ ይተኮሳል ብዬ።

ከዛ ከታክሲ ስወርድ ታክሲው እግሬ መሬት ሳይነካ ሄደ። በግራዬ የክር ፌስታል ይዣለሁ፣ ፌስታሉን ላለመጣል በቀኝ መዳፌ አስፓልቱን ተደገፍኩ። ክሩ አቧራ አልነካውም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ራጅ አነሱኝና ምንም የለም፣ ወለምታ ነው፣ ማስታገሻ ውሰጂ አሉኝ። ከዛ እንደማንኛውም አበሻ ወጌሻ ጋ ሄድኩ፣ በቅቤ አሸኝ፣ ጮህኩ፣ በሳምንቱ ሲብስብኝ ደሞ ደገምኩ (አትቆጡኝ፣ ሁላችሁም ታደርጉት ነበር)። ሁለት ሳምንት ሲሞላኝ ነው ጎረቤቴ ጎትታ ትልቅ ሆስፒታል የወሰደችኝ። የአጥንት ሀኪሙ ከአውራ ጣቴ ስር ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ በጣቱ ጫን ሲያረገው ከወንበሩ ተነሳሁ፣ ራጁን ሳያይ ነው ያወቀው። ስካፎይድ የምትባል የባቄላ ፍሬ የምታክል አጥንት ናት የተሰነጠቀችው። ስንጥቋ መጀመሪያ ቀን ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች፣ ከአስር ቀን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲነሳ ነው የምትወጣው፣ ስለዚህ የክሊኒኩን ሰዎች አላዩም ብዬ አልከስም፣ ግን "ህመሙ ካልለቀቀሽ ተመለሽ፣ ድጋሚ ራጅ እናነሳሻለን" ማለት ስንት ብር ያስወጣቸው ነበር? ደም ወደዛች አጥንት የሚገባው ባብዛኛው ከአንድ ጫፏ በኩል ነው አለኝ፣ ለዛ ነው ቀስ ብላ የምትድነው፣ ካልተጠነቀቁላትም ጭራሽ የማትገጥመው። ጀሶ አውራ ጣቴን ጨምሮ እስከ ክርኔ አጠገብ። አስር ሳምንት! በጣቴ ቆጠርኩት፣ ሰርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ከምናምን ሲቀረው ነው የሚፈታልኝ፣ ተፈትቶም እጁ ወዲያው እጅ አይሆንም።

ሰርጉን ወደ ኋላ መግፋት አይቻልም፣ ግንቦት ውስጥ ማን ይዳራል? ስለዚህ ለሙሽራዋ እናት ደወልኩና ቀብድዎን ልመልስ አልኳቸው። እሳቸውን ነው መጀመሪያ የማመሰግነው። "ብሩን ያዢው ልጄ፣ አሁን እጅሽን አስታሚ፣ አልጋ ልብሱ ቢጎድል ልጄ መሬት አትተኛም" አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ከዛ ደሞ በግራ እጄ መርፌ ይዤ ሞከርኩ፣ በሁለት ሰአት የወጣው ነገር የወፍ ጎጆ ነው የሚመስለው፣ አሁንም አለ፣ የሳሙና ማስቀመጫ አርጌዋለሁ።

የዳንቴል ሰሪዎች ግሩፓችን ላይ ድምጼን ቀድቼ የላኩት የሆነውን ለማውራት ብቻ ነበር፣ ርዱኝ አላልኩም። ማታ ላይ ስከፍተው 19 ሰው ተመዝግቧል! አንዷ አምስት፣ አንዷ አስር፣ አንዷ "እኔ ጀማሪ ነኝ፣ አንድ ብቻ" ብላለች። 93ቱ ተከፋፍለው አልቀዋል። በካሬ ልክፈል ብል ሰደባችሁኝ፣ ጭራሽ ለፊዚዮቴራፒ ብላችሁ አዋጣችሁ፣ እሱን እዚህ አላነሳም፣ ካነሳሁት አልጨርሰውም።

አሁን "ድር ቢያብር" የምትለዋን ተረት ኮመንት ልትጽፉልኝ የተዘጋጃችሁ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። እሷ የሸማኔ ናት፣ ድርና ማግ ያለው እሱ ነው። እኛ አንድ ክር ነን፣ ከመጀመሪያው ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ቋጠሮ ያው አንዱ ክር ነው ራሱን በራሱ እየያዘ የሚሄደው፣ ለዛም ነው አንዱን ጫፍ ስትስቡት ሁሉም የሚተረተረው።

ቀጥሎ የመርካቶው ጋሼ። ነጭ ነጭ ነው እንዳትሉኝ፣ ነጭም ከነጭ ይለያል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የሎት ቁጥር (አንድ ላይ የተመረተ ክር የሚታወቅበት) ካልገጠመ ፀሀይ ላይ ስትዘረጉት አንዱ ወተት አንዱ እርጎ ሆኖ ነው የሚታየው። ጋሼ እሱ ሱቅ ያለው ስላልበቃ አጠገቡ ያሉትን ሱቆች እየዞረ መደርደሪያቸውን አስገልብጦ የዛኑ ሎት አስራ አንድ ጥቅል ሰበሰበልኝ፣ ከዛ "ለምን እንደሆነ ብትነግሪኝ ቶሎ እጀምር ነበር" አለኝ። ጋሼ፣ ይሄን ልጅህ እንደምታነብልህ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከዛ አንድ ስህተት ተፈጠረ፣ እሱ ግን የኔ ነው። የካሬዋን አሰራር ስጽፍ "ደብል ክሮሼ" (የአንድ ጥልፍ አይነት ስም ነው) ብዬ ጻፍኩና የየት አገር ደብል እንደሆነ አልጻፍኩም። ያሜሪካኖቹ ደብል ረጅሙ ነው፣ እንግሊዞቹ ደብል የሚሉት ደሞ አሜሪካኖቹ ሲንግል የሚሉትን አጭሩን ነው፣ እኔ ባሜሪካኑ ነበር ያሰብኩት። ለንደን ያለችው እህታችን በሰው ሻንጣ የላከቻቸው ስድስት ካሬዎች ሲከፈቱ 9 ሳንቲም ናቸው! እንዴት እንደሚያምሩ ደሞ፣ ጥብቅ፣ እኩል፣ ማሽን የሰራቸው ነው የሚመስሉት (ኪሮሽ የሚሰራ ማሽን እንደሌለ ታውቃላችሁ አይደል፣ የሹራብ ማሽን አለ፣ የኪሮሽ የለም)። የኔ እመቤት፣ ስድስቱም አልተጣሉም፣ የሙሽራዋ ትራስ ልብስ ጠርዝ ሆነዋል። የጎደሉትን ስድስት ሁለቷ ነርሶቻችን በአዳር ተረኝነት ሰርተው አመጡ። አንዷ ላይ ማእዘኑ ጋ ሶስት መሆን ያለበት አራት ሆኗል፣ እንቅልፍ ነው፣ አይቼዋለሁ፣ አልተረተርኩትም፣ በግራ በኩል እግርጌ ነው ያለው፣ ሙሽራዋም ታውቃለች።

ካሬዎቹ ላይ ስም አልጻፋችሁም፣ ግን ሳልጠይቅ አንድ በአንድ ለይቼያችኋለሁ። የባንክ ሰራተኛዋ እጅሽ ጥብቅ ነው፣ ያንቺ 14 ሳንቲም ነው የሚመጣው፣ መርፌ ቀይሪ ብዬሽ እምቢ ብለሻል። የጅማዋ ልጅ ክር እንደልቡ እንዲሄድ ነው የምትለቂው፣ ያንቺ 16 ይጠጋል፣ ስለዚህ ዳር ዳር አረኳቸው፣ ጠርዙ ላይ እንደ ማዕበል ትንሽ ሞገድ ብለዋል፣ ወድጄዋለሁ። አከራዬ እትዬ ክሩን ግራ እጅዎ ላይ ሁለቴ ነው የሚጠመጥሙት፣ ያስታውቃል፣ ዙሩ ሲያልቅ ቋጠሮዎ ከጀርባ እንደ ሰሊጥ ትሆናለች። ጀማሪዋ፣ አንዷ ካሬሽ አራት ጊዜ የተተረተረች ናት፣ ክሩ ጸጉር አውጥቷል፣ መሀል ላይ ነው ያስቀመጥኳት።

ሁሉንም ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ዘርግተን፣ ውሃ ረጭተን፣ 15 ሳንቲም የተሰመረበት ካርቶን እያስቀመጥን በስፒል ወጠርናቸው። ጥጥ እንደ ሱፍ አይለጠጥም፣ ግማሽ ሳንቲም ከሰጣችሁ አመስግኑት። ባለቤቴ ስፒል ሲወጋ አምሽቶ ፍራሹ ላይ ረስቶ ተቀመጠ፣ የቀረውን አልናገርም።

ማገጣጠሙን ማን ይስራው ስንባባል እማዬ ከደብረ ብርሃን መጣች። አይኗ ከደከመ ስድስት አመት ሆኗታል፣ ዳንቴል ትታ ነበር። ሁለት ካሬ ጎን ለጎን አድርጌ በግራ እጄ አቀብላታለሁ፣ እሷ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ትዳስሳለች፣ ቀዳዳ ቀዳዳውን ትቆጥራለች፣ መርፌውን ትከታለች፣ አታይም እኮ፣ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙራ ነው የምትሰራው። አንዴ ቆም አለችና "ይቺ ያንቺ ናት" አለችኝ፣ እውነትም የኔ ነበረች። በምን አወቅሽ ስላት "ልጅ ሆነሽም ሶስተኛው ዙር ላይ ትቸኩያለሽ" አለች። እስካሁን እየገባኝ ነው። የኪሮሽ መጽሄት ላይ የወጣ ያህል ነው የቆጠርኩት ያን ትችት።

ሚያዝያ 24 ቀን አስረከብን። ጀሶውም ተፈትቷል፣ ክንዴ ከስቶ የሌላ ሰው ይመስላል። ፊዚዮቴራፒ የምትሰራልኝ ልጅ ሊጥ እንድጨምቅ አዝዛኝ ነበር፣ ሰልችቶኝ የክር ልቃቂት ልጭመቅ ብላት ፈቀደችልኝ፣ አሁን በቀን ሃያ ደቂቃ መርፌ መያዝ ተፈቅዶልኛል። መጀመሪያ ቀን የሰራሁት አስራ ሁለት ሰንሰለት ነው፣ ጥብቅ ብሎ መርፌ አይገባበትም፣ የባንኳ ሰራተኛ ሆንኩ።

ለሀኪሜ፣ ለጎረቤቴ፣ ጸጉሬን አስር ሳምንት ለሰራችልኝ እህቴ፣ እንጀራ በእጁ ለቆረሰልኝ ባለቤቴ፣ ለ19ኛችሁም እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ብድራችሁን በደስታችሁ ቀን እከፍላለሁ።

አንድ ነገር ሳልረሳው፣ የወጠርን ቀን ቤቴ የቀሩ አሉ፣ ሁለት መቀስ፣ አንድ ሜትር፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ የልጅ ካልሲ፣ እና እጀታዋ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ 1.25 መርፌ። መርፌዋን እየሰራሁባት ነው፣ ባለቤቷ ካልመጣችልኝ አልመልሳትም፣ ቅዳሜ ከሰአት ቤት ነኝ፣ ቡና አለ።